ሻጋታ ለምን አልሞት ይላል? ጂን በማረም የሻጋታን ጥንካሬ ስለማጥናት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች ጅማ ውስጥ በብዛት የሚያነሱት የምግብ ሳይንስ፣ የማይክሮባዮሎጂና የባዮቴክኖሎጂ ተማሪዎች ናቸው። ከቡና መጋዘንና ከዳቦ ቤት የሚመጡ ሰዎችም አልፎ አልፎ ይጠይቋቸዋል። መልሶቹ የተጻፉት ላብራቶሪ ገብቶ ሥራውን ራሱ ለሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ መጠን፣ ሰዓትና የሙቀት ዲግሪ ይበዛባቸዋል።

ጥናቱ የሚፈልገው ምንድን ነው?

ምግብ እንዳይበላሽ እናሞቀዋለን፣ እናደርቀዋለን፣ ጨው ወይም ስኳር እናበዛበታለን፣ አሲድ እንጨምርበታለን። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከሚሊዮን ስፖር (ሻጋታ የሚራባበት ብናኝ) ጥቂቱ ይተርፋል። ያ ጥቂት ደግሞ ሳምንት ሳይሞላ ምግቡን ያለብሰዋል። የጥናቱ ጥያቄ «የተረፈው በምን ተረፈ?» የሚል ነው። በውስጡ ባጠራቀመው ስኳር ይሆን፣ በግድግዳው ቀለም ወይስ አሲዱን በሚያፈርስ ኢንዛይም? መልሱን ለማግኘት አንድ ጂን ብቻ ይጠፋል፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቀመጣል፣ ከዚያ ልዩነቱ ይለካል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ይታወቅ። የስፖርን ጥንካሬ የሚወስነው ጂኑ ብቻ አይደለም፤ ስፖሩ ያደገበት ሁኔታም እኩል ይወስናል። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደገ የአስፐርጊለስ ናይጀር ስፖር በ28 ዲግሪ ካደገው የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ ሁለቱም የአንድ ዘር ልጆች ሆነው ማለት ነው። የታረመውን ዘር ሰኞ፣ እናት ዘሩን (ያልታረመውን) ሐሙስ፣ ያውም በሌላ ኢንኩቤተር ያሳደገ ሰው የሚለካው የኢንኩቤተሮቹን ልዩነት ነው።

ጅማ ላይ ይህ ምን ይጠቅማል?

የጅማ አየር ለሻጋታ ይመቸዋል። ዝናቡ ብዙ ነው፣ ሙቀቱም ልከኛ ነው። ጀንፈል አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ዝናብ ቢመታው፣ ወይም ሳይደርቅ ጆንያ ቢገባ፣ ኦክራቶክሲን ኤ የሚባለውን መርዝ የሚሠሩ አስፐርጊለሶች ቦታ ያገኛሉ። ከእነዚህ ዋነኞቹ አስፐርጊለስ ኦክራሺየስና ዘመዶቹ፣ አስፐርጊለስ ካርቦናሪየስ እንዲሁም አንዳንድ የአስፐርጊለስ ናይጀር ዘሮች ናቸው። የቡናው እርጥበት ከ12.5 በመቶ በታች ከሆነ ማደግ ይቸግራቸዋል፤ ስፖሩ ግን አይሞትም፣ ተኝቶ ይጠብቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በተቆላ ቡና ላይ የሚፈቅደው የኦክራቶክሲን መጠን በኪሎ 3 ማይክሮግራም ብቻ ስለሆነ ነገሩ ገበያም ይነካል።

ሌላው እንጀራ ነው። የእንጀራ ኮምጣጣነት፣ ማለትም ዝቅተኛ ፒኤቹ፣ አብዛኛውን ባክቴሪያ ያስቆማል። ሻጋታን ግን አያስቆምም። ለዚህ ነው እንጀራ ከመበስበስ ይልቅ የሚሻግተው።

በየትኛው ሻጋታ ልጀምር?

ለመጀመሪያ ሥራ አስፐርጊለስ ናይጀር ይሻላል። ሙሉ ጂኖሙ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል፣ መሣሪያዎቹ ተዘጋጅተው አሉ፣ ስፖሩም ጥቁር ስለሆነ የቀለም ለውጥ በዓይን ይታያል። ኤን402 የሚባለው የላብራቶሪ ዘር ስፖር ተሸካሚ ግንዱ አጭር ነው፤ ክዳን ሲከፈት ብናኙ ስለማይበዛ ለጀማሪ ምቹ ነው።

ከገበያ ቡና ወይም ከእንጀራ ላይ የተነሣ ጥቁር ሻጋታን በማየት ብቻ «ናይጀር ነው» ማለት አይቻልም። ጥቁር አስፐርጊለሶች በማይክሮስኮፕ ሥር እንኳ ተመሳሳይ ናቸው። አይቲኤስ የተባለው የተለመደው የመለያ ቅንጣት አይበቃም፤ የካልሞዱሊን ጂን ቅንጣት መነበብ አለበት። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው መሪ አርኤንኤውን (የጂን መቁረጫውን ወደ ቦታው የሚመራውን ቅንጣት) በሌላ ዝርያ ጂኖም ላይ ሠርቶ ወር ሙሉ ሊደክም ይችላል። ዒላማው ላይ የአንድ የዲኤንኤ ፊደል ልዩነት እንኳ መቁረጡን ሊያስቀር ይችላልና።

የታሸገ ጭማቂ ለሚያሳስበው ፔሲሎማይሲስ፣ አሲድ የተጨመረበት ዳቦና አይብ ለሚያሳስበው ደግሞ ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ ሁለተኛ ምርጫ ይሆናሉ።

ክሪስፐር እዚህ ምን ይሠራል?

ክሪስፐር ዲኤንኤን በተመረጠ ቦታ ቆርጦ ጂን የማረሚያ ዘዴ ነው። ካስ9 የሚባለው መቁረጫ ፕሮቲን የመጣው ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ ከሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሳይንቲስቶቹ ቻርፐንቲየርና ዳውድና እ.ኤ.አ. በ2012 እንደ መሣሪያ እንደሚያገለግል አሳዩ፣ በ2020 የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት አገኙበት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 20 ፊደል ያለው መሪ አርኤንኤ ቦታውን ያሳየዋል። ከዚያ ቦታ ቀጥሎ አንድ ማንኛውም ፊደልና ሁለት ጂ ከተገኙ ካስ9 ከእነዚህ ሦስት ፊደሎች 3 ፊደል ቀደም ብሎ ሁለቱንም ክሮች ይበጥሳል። ሻጋታው ስብራቱን ሲጠግን ወይ በስሕተት ይገጥመዋል፣ ወይ እኛ አብረን የሰጠነውን መጠገኛ ዲኤንኤ ይገለብጣል። የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው።

አስፐርጊለስ ብቻውን ሲተው የመጀመሪያውን መንገድ ይመርጣል። ስለዚህ ብዙዎች ኩስ-ኤ የሚባለው ጂን የጠፋበትን ዘር ይጠቀማሉ፤ ይህ ዘር ጫፍ ለጫፍ መግጠም አይችልም። ጥቅሙ ግልጽ ነው፣ ጉዳቱ ግን ይረሳል። ኩስ-ኤ የሌለው ዘር የዲኤንኤ ጉዳትን ለመጠገን ደካማ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረርን ስለመቋቋም የሚጠና ከሆነ ዘሩ ገና ከመነሻው ታማሚ ነው ማለት ነው።

የትኛውን ጂን መጀመሪያ ላጥፋ?

ስለ ጥንካሬ ከማሰብ በፊት ፍውን-ኤ የሚባለውን የቀለም ጂን ያጥፉ። ይህ ጂን ሲጠፋ ጥቁሩ ስፖር እንደ ደረቅ የጤፍ ገለባ ወደ ደብዛዛ ቡናማ ይለወጣል። ሳህኑን ከፍቶ በማየት ብቻ ከ20 ኮሎኒ ስንቱ እንደታረመ ይቆጠራል። አሠራሩ በእጅ መግባቱን የሚያረጋግጥ ከዚህ የረከሰ ፈተና የለም።

ከዚያ በኋላ እንደ ጥያቄው ይመረጣል። ለሙቀት ትሬሃሎስ የሚባለውን ስኳር የሚሠሩት የቲፒኤስ ጂኖች፣ ማኒቶል የሚሠራው ኤምፒዲ-ኤ ይጠናሉ። ስፖሩ ሲደርቅና ሲሞቅ ፕሮቲኖቹና ሽፋኑ እንዳይፈርሱ የሚደግፉት እነዚህ ስኳሮች ናቸው። የቲፒኤስ ጂን ከአንድ በላይ ስለሆነ አንዱን አጥፍቶ «ምንም አልሆነም» ማለት አያስደንቅም፤ ሌላው ይሸፍንለታል።

ለሶርቢክ አሲድ ፓድ-ኤና ኤፍዲሲ-ኤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ጂኖች ናቸው። ኤፍዲሲ-ኤ አሲዱን ይሰብራል፣ ፓድ-ኤ ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ረዳት ሞለኪውል ያዘጋጃል። አንዱ ከጠፋ ሌላው ብቻውን አይሠራም። ስብርባሪው ፔንታዳይን የተባለ በቀላሉ የሚተን ውህድ ነው፣ ሽታው ላምባ ላምባ ይላል። መከላከያ የተጨመረበት ምግብ ሲሻግት አንዳንዴ ላምባ የሚሸተው በዚህ ምክንያት ነው። ዋር-ኤ የሚባለው ደግሞ አሲዱን ለመቋቋም የሚያስፈልጉ ሌሎች ጂኖችን የሚቀሰቅስ አዛዥ ጂን ነው። ሽታውን ለማረጋገጥ ብሎ ክፍት ሳህን ላይ አፍንጫ መድፋት ግን ክልክል ነው።

ፕላዝሚድ ይሻላል ወይስ የተዘጋጀ ካስ9 ፕሮቲን?

ለጅማ ሁኔታ ፕላዝሚድ (የካስ9ን ጂን የሚሸከም ክብ ዲኤንኤ)። የተዘጋጀው ፕሮቲን ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ከመነሻው ላብራቶሪው ፍሪጅ እስኪደርስ ሳይቋረጥ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይዳከማል። ፕላዝሚድ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ በፖስታ ቢላክ እንኳ አይሞትም። ኤኤምኤ1 የሚባል ቅንጣትና ሃይግሮማይሲን የሚባለውን ሻጋታ ገዳይ መድኃኒት የሚያስችል ጂን ያለበት ይመረጥ። ኤኤምኤ1 ፕላዝሚዱን በሻጋታው ውስጥ ያለ ውህደት ያቆየዋል። በኋላ ሃይግሮማይሲን ሲነሳ ፕላዝሚዱ ራሱ ይጠፋል፣ ካስ9ም አብሮት ይሄዳል። የመጨረሻው ዘር የሚለየው በታረመው ቦታ ብቻ ይሆናል።

መሪ አርኤንኤና መጠገኛ ዲኤንኤ እንዴት ይዘጋጃሉ?

ከጂኑ የመጀመሪያ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ሁለት የተለያዩ መሪዎች ይመረጡ። የጂና የሲ ድርሻቸው ከ40 እስከ 60 በመቶ ይሁን። አራት ቲ የተከታተሉበት አይወሰድ፤ መሪውን የሚያስጽፈው አንዳንድ ማስነሻ እዚያ ላይ ያቆማል። ከዚያ ሙሉ ጂኖሙ ላይ ሌላ የሚመሳሰል ቦታ አለመኖሩ ይፈተሽ፣ በተለይ ለሁለት ጂዎቹ ቅርብ የሆኑት 12 ፊደሎች።

መጠገኛው ከጂኑ በፊትና በኋላ ካለው አካባቢ እያንዳንዳቸው ከ500 እስከ 1000 ፊደል የሚሆኑ ሁለት ክንፎች ተገጣጥመው ይሠራል። መካከሉ ባዶ ነው። ሁለቱ ክንፎች በፒሲአር ይባዛሉ፣ በሁለተኛ ፒሲአር ይገጠማሉ። መጠገኛው መሪው የሚፈልገውን ቦታ ሊይዝ አይገባም፤ ከያዘ ካስ9 ጥገናውንም መልሶ ይቆርጠዋል።

ዲኤንኤውን ወደ ሻጋታው ማስገባት በዝርዝር እንዴት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

በመጀመሪያ 250 ሚሊሊትር ፈሳሽ ምግብ ላይ በሚሊሊትር አንድ ሚሊዮን ስፖር ይዘራል፣ በ30 ዲግሪ ለ16 ሰዓት ያህል በደቂቃ 120 ዙር እየተናወጠ ያድጋል። የሚፈለገው ማይሲሊየም የሚባለው ድር ወጣት ሆኖ ነው። ከ20 ሰዓት ያለፈው ግድግዳው ይጠነክራል፣ ኢንዛይሙም አይበላውም። ድሩ ተጣርቶ 1.33 ሞላር ሶርቢቶልና 50 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ባለበት ማጠቢያ ይታጠባል። ማጠቢያው በ20 ሚሊሞላር ሜስ ፒኤቹ 5.8 ላይ የተያዘ ነው። እርጥብ ክብደቱ አንድ ግራም የሆነ ድር 20 ሚሊሊትር ማጠቢያ ውስጥ ከ400 ሚሊግራም የግድግዳ ማፍረሻ ኢንዛይም ጋር ይገባል፤ ይህ ኢንዛይም ከትራይኮደርማ የሚወጣው ነው። ከዚያ በ37 ዲግሪ በዝግታ ይናወጣል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በየ30 ደቂቃው ጠብታ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። መጀመሪያ ክሩ ይሰባበራል፣ ከዚያ ከጫፉ ላይ ክብ ክብ ኳሶች ይወጣሉ። እነዚህ ግድግዳ የለሽ ኳሶች ፕሮቶፕላስት ይባላሉ። እርግጠኛ ለመሆን ከጠብታው ጎን ንጹሕ ውኃ ጠብ ይደረግ፤ ፕሮቶፕላስት ከሆነ ወዲያው ይፈነዳል፣ ስፖር ከሆነ አይነካውም። ኳሶቹ እይታውን ሲሞሉ ማቆም ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ኢንዛይም ውስጥ መተው ያገኙትንም ያሳጣል።

ቀጥሎ ይጣራል፣ በ2000 ጂ ለ10 ደቂቃ በቅዝቃዜ ይሽከረከራል፣ ሁለት ጊዜ ይታጠባል። የዚህኛው መታጠቢያ ሶርቢቶሉና ካልሲየሙ ያው ነው፣ ነገር ግን በ10 ሚሊሞላር ትሪስ ፒኤቹ 7.5 ይደረጋል። ዝቃጩን በፒፔት መምታት አይገባም፤ ጫፉ የተቆረጠ ሰፊ ቲፕ ይጠቀሙ ወይም ቱቦውን በጣት ቀስ እያሉ ያንኳኩ።

10 ሚሊዮን ያህል ፕሮቶፕላስት በ100 ማይክሮሊትር ውስጥ ሆኖ 2 ማይክሮግራም ፕላዝሚድና 2 ማይክሮግራም መጠገኛ ይጨመርበታል። የዲኤንኤው መጠን በድምሩ ከ10 ማይክሮሊትር አይብለጥ፣ አለዚያ ውኃው ሶርቢቶሉን ያቀጥናል። 25 ማይክሮሊትር የ25 በመቶ ፔግ 6000 (ፖሊኢቲሊን ግላይኮል) ገብቶ ይደባለቃል፣ ከዚያ ከዚሁ ፔግ 1 ሚሊሊትር ይጨመራል፣ 5 ደቂቃ ይቆያል። 2 ሚሊሊትር መታጠቢያ ሲጨመርበት ያበቃል። በመጨረሻ 0.95 ሞላር ሱክሮስና በሚሊሊትር 200 ማይክሮግራም ሃይግሮማይሲን ባለበት፣ 47 ዲግሪ ላይ በቀዘቀዘ የላይ አጋር (ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ማብቀያ) ተደባልቆ ሳህን ላይ ይፈስሳል። በ30 ዲግሪ ከ4 እስከ 6 ቀን ውስጥ ኮሎኒ ይወጣል።

ሁልጊዜ ሦስት ማነጻጸሪያ ሳህን ይኑር፦ ዲኤንኤ ያልገባበት ያለ ሃይግሮማይሲን፣ ዲኤንኤ ያልገባበት ከሃይግሮማይሲን ጋር፣ ፕላዝሚድ ብቻ የገባበት ያለ መጠገኛ። እነዚህ ከሌሉ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ መልስ የለውም።

ምንም ኮሎኒ አልወጣም። ወይም ሳህኑን ሞላው። ምን ሆኖ ነው?

የመጀመሪያው ማነጻጸሪያ ላይም ካልበቀለ ፕሮቶፕላስቱ ሞቷል። የላይ አጋሩ ከ50 ዲግሪ በላይ ነበር ወይም ሱክሮሱ ተረስቷል። እዚያ በቅሎ መራጩ ሳህን ላይ ካልበቀለ ዲኤንኤው አልገባም፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያረጀ ፔግ ነው፣ ትኩስ ይዘጋጅ። ፕላዝሚድ ብቻ የገባበት ሳህን ላይ ኮሎኒዎቹ ጥቂት መሆናቸው ግን መልካም ዜና ነው፣ በተለይ ኩስ-ኤ በሌለው ዘር። ካስ9 ቆርጦ ሻጋታው መጠገኛ አጥቶ መሞቱን ያሳያል።

ዲኤንኤ ያልገባበት ሃይግሮማይሲን ያለው ሳህን ከሞላ መድኃኒቱ ደክሟል ወይም መጠኑ አንሷል። ለአዲስ ዘር ሁሉ አስቀድሞ 0፣ 50፣ 100፣ 150፣ 200 እና 300 ማይክሮግራም ላይ ይፈተን። ከቡና የተነሱ ዘሮች ከላብራቶሪው ዘር የተለየ መጠን ሊፈልጉ ይችላሉ።

ኮሎኒው ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቡናማ ሆነ። ታርሟል ማለት ነው?

በከፊል። ፕሮቶፕላስት ብዙ ኒውክሊየስ ስላለው የታረመውና ያልታረመው አብረው ያድጋሉ። ከአንድ ስፖር የተነሣ ኮሎኒ እስኪገኝ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ይበተን። በዚያው ዙር ሃይግሮማይሲኑ ይነሳ። በመጨረሻ ዘሩ ሃይግሮማይሲን ላይ እንደማይበቅል ይረጋገጥ፤ ከበቀለ ፕላዝሚዱ ገና አለ።

ማረጋገጫ ፒሲአር ፕራይመሮቹ ከመጠገኛው ክንፎች ውጪ ሊያርፉ ይገባል። ክንፎቹ ላይ ካረፉ የተረፈ መጠገኛ ዲኤንኤ ብቻውን ያታልላል።

የሙቀት ፈተናው እንዴት ይሠራል?

እናት ዘሩና የታረመው በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጠርሙስ በፈሰሰ አጋር ላይ፣ በአንድ ኢንኩቤተር፣ በአንድ መደርደሪያ ለ8 ቀን ያድጋሉ። ስፖሩ በ0.02 በመቶ ትዊን 80 ታጥቦ ይነሣል፣ በመስታወት ሱፍ ይጣራል፣ በረዶ ላይ ይቀመጣል፣ ይቆጠራል። በመቁጠሪያ መስታወቱ ላይ የአንዱ ሚሊሜትር ካሬ አማካይ 84 ቢሆንና ስፖሩ 100 ጊዜ ቀጥኖ ከነበረ፣ 84 በ10,000 በ100 ሲባዛ በሚሊሊትር 84 ሚሊዮን ነው።

ቀድሞ በሞቀ 19.8 ሚሊሊትር መፍትሔ ውስጥ 200 ማይክሮሊትር ስፖር ይገባል። ስፖሩ በሚሊሊትር 100 ሚሊዮን ከነበረ አሁን አንድ ሚሊዮን ይሆናል። ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ክልል ለአስፐርጊለስ ናይጀር ስፖር መነሻ ይሆናል። በ0፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20 እና 30 ደቂቃ ናሙና እየተወሰደ ወዲያው በረዶ ላይ ይቀጥናል፣ ይዘራል። ቆጠራው በሦስተኛው ቀን አያበቃም። ሙቀት የጎዳው ስፖር ዘግይቶ ይነሣል፤ እስከ ሰባተኛው ቀን ይጠበቅ።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሚሊዮን የነበረው በ12 ደቂቃ ወደ አንድ ሺህ ከወረደ ሦስት ጊዜ በአሥር ተካፍሏል፤ ስለዚህ አሥር እጅ ለመቀነስ 4 ደቂቃ ይፈጃል። የሁለት ዘሮች ንጽጽር የሚሠራው በዚህ ቁጥር ነው።

የሚያሳስት ነገር አንድ ልጥቀስ። የተራፊ ስፖሮች ግራፍ መስመር ቀጥ ብሎ ወርዶ መጨረሻ ላይ ጅራት ካወጣ «ልዩ ጠንካራ ስፖሮች አሉ» ብሎ ለመጻፍ አይቸኮል። ክዳኑ ወይም የቱቦው አንገት ላይ የተረጨ ስፖር ሙቀቱ ሳይደርሰው ቆይቶ በመጨረሻ ይወርዳል። ቱቦው ከፈሳሹ ከፍታ በላይ ውኃ ውስጥ ይግባ፣ ስፖሩም ሲገባ ግድግዳ አይንካ። ተጠባብቆ የቀረ ስፖርም ተመሳሳይ ጅራት ያመጣል። ይህ ተስተካክሎም ጅራቱ ካለ ያኔ ነገሩ ሊጠና ይገባዋል፤ ከአንድ ኮሎኒ የመጡ ስፖሮችም እኩል አይደሉምና።

የሶርቢክ አሲድ ፈተናውስ?

እዚህ ዋናው ፒኤች ነው። ወደ ሴሉ የሚገባው ያልተከፈለው አሲድ ነው። የሶርቢክ አሲድ መክፈያ ነጥብ (ግማሹ የሚከፈልበት ፒኤች) 4.76 ስለሆነ፣ ፒኤች 4 ላይ 85 በመቶው፣ ፒኤች 5 ላይ 37 በመቶው፣ ፒኤች 6 ላይ 5 በመቶው ብቻ ይሠራል። ኮምጣጣ እንጀራ ላይ የሚሠራው መጠን ገለልተኛ ፒኤች ባለው ዳቦ ላይ ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው።

15 ግራም ፖታሲየም ሶርቤት በ100 ሚሊሊትር ውኃ ሲሟሟ 1 ሞላር ይሆናል፤ ከዚህ 3 ሚሊሊትር ለአንድ ሊትር አጋር 3 ሚሊሞላር ይሰጣል። ከ0 እስከ 6 ሚሊሞላር በአንድ አንድ ከፍ እያደረጉ ይሞክሩ። ሶርቤቱ ሲገባ ፒኤቹን ከፍ ስለሚያደርገው በሙከራ ጠርሙስ ላይ እንደገና ተለክቶ ይስተካከል።

ፒኤች 4 ላይ ያለ አጋር አብሮ አውቶክሌቭ ከገባ አይረጋም፣ እንደ አጥሚት ይቀራል፤ አሲዱ አጋሩን ይሰባብረዋል። በሊትር 30 ግራም አጋር ብቻውን፣ ምግቡ ደግሞ እጥፍ ሆኖ ብቻውን ይፈላ፣ ሁለቱ 60 ዲግሪ አካባቢ እኩል ለእኩል ይቀላቀሉ፣ ሶርቤቱ በመጨረሻ ይግባ።

የሚዘራው የስፖር ብዛት እኩል ይሁን። አንድ ሳህን ላይ መቶ፣ ሌላው ላይ መቶ ሺህ ከተዘራ ብዛቱ ራሱ ጠንካራ ያስመስላል።

አውቶክሌቩ 15 ፒኤስአይ ያሳያል፣ አጋሩ ግን ይበከላል። ለምን?

ከፍታው ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ወደ 1,750 ሜትር ትገኛለች፣ ውኃም እዚህ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአውቶክሌቩ ጌጅ የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፣ የውጪው አየር ደግሞ እዚህ ቀላል ነው። ጌጁ 15 ሲል ውስጡ 118 ዲግሪ አካባቢ እንጂ 121 አይደለም። 121 ለመድረስ 18 ፒኤስአይ ያህል ያስፈልጋል። መሣሪያው ለዚያ ካልተሠራ ቫልቩን መነካካት አደጋ ነው፤ በምትኩ ጊዜውን ያርዝሙ። በ3 ዲግሪ መውረድ የመግደያ ጊዜውን እጥፍ ስለሚያደርገው 15 ደቂቃው 30 ይሁን። የሙቀት መጠን የሚለካ አውቶክሌቭ ያለው ሰው ጌጁን ትቶ ቴርሞሜትሩን ይመን።

ሳህኖቼ ላይ ሌላ ሻጋታ በመስመር በመስመር ይበቅላል።

መዥገር መሰል ጥቃቅን ተባዮች ናቸው፣ በዓይን እንደ አቧራ ይታያሉ። ከሳህን ሳህን እየተራመዱ የአንዱን ዘር ስፖር ለሌላው ያደርሳሉ። በዚህ መንገድ የታረመው ዘር ከእናት ዘሩ ጋር ተቀላቅሎ ውጤቱን ሁሉ ያበላሻል። የተያዙት ሳህኖች ሳይከፈቱ አውቶክሌቭ ይግቡ፣ መደርደሪያው በ70 በመቶ አልኮል ይታጠብ፣ ሳህኖች በፓራፊልም ይታሸጉ። ዋናው ዘር በ20 በመቶ ግሊሰሮል ቅዝቃዜ ውስጥ ካለ ጉዳቱ የሳምንት ሥራ ብቻ ነው።

ልዩነቱ በእርግጥ ከጂኑ መምጣቱን በምን አውቃለሁ?

በሁለት የተለያዩ መሪዎች የተገኙ ሁለት ዘሮች ተመሳሳይ ውጤት ሲሰጡ፣ እና ጂኑ ሲመለስ ጥንካሬው ሲመለስ። ሁለተኛው አድካሚ ስለሆነ ብዙዎች ይዘሉታል። አይዘለል። ሦስት ድግግሞሽ ሲባልም በሦስት የተለያዩ ቀኖች ያደገ ስፖር ማለት ነው፤ ከአንድ ቱቦ ሦስት ሳህን መዝራት የፒፔትን ትክክለኛነት ብቻ ይነግራል።

ይበልጥ የሚቋቋም ሻጋታ መሥራትስ?

አያስፈልግም። ጥንካሬን ለመረዳት ማጥፋትና መመለስ ይበቃል። መከላከያ የማይገድለውን ሻጋታ መፍጠር ጥያቄውን አይመልስም፣ ማምለጡ ግን ችግር ይሆናል።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001፣ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 እንደተሻሻለው፣ ልውጥ ሕያዋንን ይመለከታል፤ የሚጠየቀውም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ፕላዝሚዱ ከመታዘዙ በፊት የተቋሙ የደኅንነት ኮሚቴ ይወቀው። ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ የታረመ ስፖር የነካው ሁሉ፣ ቲፑም ጓንቱም፣ አውቶክሌቭ ሳይገባ ወደ ቆሻሻ አይሄድም። ክፍት ሳህን የሚነካው በደኅንነት ካቢኔ ውስጥ ብቻ ነው፤ አስም ያለበት ሰው ስፖር አያንሣ።

መብራት ከጠፋስ?

የሙቀት ፈተና መሐል ከጠፋ ያ ዙር ይጣል፤ ሊጠገን አይችልም። የውኃ ማሞቂያው በዩፒኤስ ላይ ይሁን። ኢንኩቤተሩ ለሰዓታት ከቆመ ግን ስፖሮቹ አድገው ስለሚታዩ ሰው ይቀጥላል፣ እዚያ ነው ስሕተቱ። በሌላ ሙቀት ያደገ ስፖር ሌላ ጥንካሬ አለው። ሙቀቱን የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ኢንኩቤተር ውስጥ ይቀመጥ፣ መዝገቡም ከውጤቱ ጋር ይያያዝ።

ቡና ሲቆላ መርዙ ይጠፋል?

ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ስፖሩ ግን ይሞታል። ስለዚህ ለቡና የሚሻለው ጀንፈሉን ቶሎ ማድረቅ ነው።

ውጤቱ ለዳቦ ቤት ወይም ለእንጀራ ጋጋሪ ምን ይሰጣል?

የታረመው ሻጋታ ከላብራቶሪ አይወጣም፤ የሚወጣው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ኤፍዲሲ-ኤ የጠፋበት ዘር ሶርቢክ አሲድን ካልቻለ፣ ነገር ግን ፕሮፒዮኒክ አሲድ ላይ ከእናት ዘሩ ካልተለየ፣ ያ ኢንዛይም ፕሮፒዮኒክን አይነካም ማለት ነው። ከእንጀራው ላይ የተነሣው ሻጋታ ይህ ጂን ካለው የሶርቤትን መጠን ከመጨመር መከላከያውን መለወጥ ይሻላል። በ37 ዲግሪ ያደገ ስፖር የበለጠ ሙቀት የሚችል ከሆነ ደግሞ፣ ምጣዱ አጠገብ ባለው ሞቃት ግድግዳ ላይ የበቀለው ሻጋታ ቀዝቃዛው ጓዳ ውስጥ ካለው ቀድሞ ይጠረግ።